እንግሊዝኛን በቃል ጥያቄና መልስ ማስተማር፦ የሺንሺቾና የአካባቢዋን ተማሪዎች መነሻ ያደረገ ማብራሪያ

መግቢያ

የቃል ጥያቄና መልስ ልምምድ የእንግሊዝኛ ቃላትና የሰዋስው ሥርዓት በንግግር አማካይነት እንዲሰርጹ የሚያደርግ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። መምህሩ አጭር ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪው በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይመልሳል፤ ያው የዐረፍተ ነገር መዋቅር በተለያዩ ቃላት እየተመላለሰ ይጠየቃል። ደንቡ የሚብራራውና በደብተር የሚጻፈው ተማሪው መዋቅሩን ደጋግሞ ከሰማና በአንደበቱ ከተናገረ በኋላ ነው። ዘዴው ውድ መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ ወይም ኢንተርኔት አይጠይቅም። የሚጠይቀው በጥንቃቄ የተዘጋጁ ጥያቄዎችን፣ የተደራጀ ክፍልና ትዕግሥት ያለው መምህር ነው።

ይህ ማብራሪያ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በከምባታ ዞን የምትገኘውን የሺንሺቾ ከተማንና አካባቢዋን መነሻ ያደርጋል። በአካባቢው የሚማር ልጅ እንግሊዝኛን የሚያገኘው እንደ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ፊዚክስንም፣ ታሪክንም፣ ሒሳብንም የሚማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚጣለው የቃል መሠረት ከአንድ የትምህርት ዓይነት ውጤት አልፎ የተማሪውን አጠቃላይ የትምህርት ጉዞ ይወስናል። በጽሑፉ የሚገኙት የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች በአፍ እንዲነገሩ የታሰቡ ስለሆኑ በድምፃቸው በፊደል ተጽፈዋል።

የሺንሺቾ ተማሪ የቋንቋ መነሻ

በሺንሺቾና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የብዙው ሕዝብ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ከምባትኛ ነው። በአጎራባቹ የሀድያ ዞን ደግሞ ሀዲይኛ ይነገራል። ሁለቱም የኩሽ ቋንቋዎች ሲሆኑ፣ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ልጁ በተጨማሪ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ቋንቋዎችንና ሁለት ዓይነት ፊደላትን ይለምዳል።

ከምባትኛና እንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ፊደል መጠቀማቸው ለንባብ የሚያግዝ ቢሆንም፣ በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ችግርም ያስከትላል። በከምባትኛ አጻጻፍ «ኤክስ» የተባለው ፊደል የ«ጥ»ን ድምፅ፣ «ሲ» የ«ጭ»ን ድምፅ፣ «ኪው» ደግሞ የ«ቅ»ን ድምፅ ይወክላል። «ፒ» እና «ኤች» ሲጣመሩ በከምባትኛ «ጵ»፣ በእንግሊዝኛ ግን «ፍ» ተብለው ይነበባሉ። «ኦ» የተባለው ፊደል ተደጋግሞ ሲጻፍ በከምባትኛ ረጅም የ«ኦ» ድምፅ ያሰማል፤ በእንግሊዝኛ «ቡክ» እና «ስኩል» በሚሉት ቃላት ውስጥ ግን የ«ኡ» ድምፅ አለው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው በትክክል ማንበብ የተማረ ልጅ እንግሊዝኛን መጀመሪያ በጽሑፍ ካገኘው፣ በሚያውቀው ሥርዓት መሠረት ቢያነበው አያስወቅሰውም። ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ከሰማና በአፉ ከለመደው ግን ጽሑፉን ሲያይ ድምፁን ያስታውሳል እንጂ አይገምትም። በቃል የመጀመር አስፈላጊነት በዚህ አካባቢ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት በዐረፍተ ነገር አሠራር ላይ ይታያል። በከምባትኛም ሆነ በአማርኛ ግሥ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመው አካልም በግሡ ላይ ይታወቃል። «ቡና ገዛች» የሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ገዢዋ ሴት መሆኗን ያለ ተጨማሪ ቃል ይገልጻል። በእንግሊዝኛ ግን «ሺ» የሚለው ቃል የግድ ያስፈልጋል፤ ግሡም ወዲያው ይከተለዋል፤ «ኮፊ» መጨረሻ ላይ ይመጣል። ተማሪዎች «ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር» ማለት ሲገባቸው «ኢዝ ቲቸር» ማለታቸው የተለመደ ነው። ስህተቱ ከስንፍና የመጣ ሳይሆን የለመዱት የቋንቋ ሥርዓት ውጤት ነው። እንዲህ ያለውን ልማድ አንድ ጊዜ የተሰጠ ማብራሪያ አይለውጠውም፤ የሚለውጠው በአፍ የተደጋገመ ልምምድ ነው።

የትምህርት ፖሊሲውና የእንግሊዝኛ ቦታ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። አፈጻጸሙ ከክልል ክልል ይለያያል። በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ነበር። ይህም የከምባታና የሀድያ ልጆች ከብዙዎቹ የሌሎች ክልሎች እኩዮቻቸው ቀድመው ሳይንስንና ሒሳብን በእንግሊዝኛ እንዲማሩ አድርጓል።

በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላሉ ዓመታት የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል የተሻለ ውጤት እንደነበራቸው አመልክቷል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ እንግሊዝኛን ቀድሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ማድረግ ብቻውን እንግሊዝኛ አዋቂ አያደርግም። ልጁ ቋንቋውን ለሌሎች ትምህርቶች መማሪያነት ከመጠቀሙ በፊት ለራሱ ለቋንቋው በቂ የመስማትና የመናገር ዕድል ማግኘት አለበት።

የብሔራዊ ፈተና ውጤትም ጉዳዩን ትኩረት የሚሻ ያደርገዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ለውጤቱ ዝቅተኛነት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም የጥያቄውን ቋንቋ በቅጡ ያልተረዳ ተማሪ የትምህርቱን ይዘት ቢያውቅ እንኳ እውቀቱን ማሳየት እንደሚቸገር ማንኛውም መምህር ያውቃል።

የእንግሊዝኛ ፋይዳ ከፈተናም ያልፋል። ከሀድያና ከከምባታ አካባቢዎች በርካታ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው። በዚያ አገር በንግድም ሆነ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት እንግሊዝኛ በሰፊው ይነገራል። በአገር ውስጥም ቢሆን በሆሳዕና ዋና ግቢውና በዱራሜ ካምፓሱ የሚያስተምረውን ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው።

የዘዴው አመጣጥ

በጥያቄና መልስ ማስተማር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የሚለው የልጆች ጨዋታ ቋሚ የጥያቄና የመልስ ቅርፅ ያለው፣ ቃላትንና አስተሳሰብን በጨዋታ የሚያስለምድ የቆየ ባህል ነው። ልጁ የጨዋታውን ቅርፅ ማንም በደንብ ሳያስተምረው በመደጋገም ብቻ ያውቀዋል።

በውጭ ቋንቋ ትምህርት ዘርፍ ማክሲሚሊያን በርሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ በከፈተው ትምህርት ቤት ከትርጉም ይልቅ በሚማሩት ቋንቋ መጠየቅንና መመለስን የትምህርቱ መሠረት አደረገ። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ቃል ማስተማሪያ ዘዴ ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄዎች ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ መቀመጥ እንዳለባቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኬንያ የተካሄደው የሬዲዮ ቋንቋ ትምህርት ፕሮጀክት ደግሞ ለጉዳዩ ቅርብ የሆነ አፍሪካዊ ተሞክሮ ነው። ሬዲዮው ጥያቄ ያቀርባል፤ ለአፍታ ዝም ይላል፤ በገጠር ክፍሎች ያሉ ሕፃናት በአንድነት ይመልሳሉ፤ ከዚያ ሬዲዮው ትክክለኛውን መልስ ያሰማል። የመጻሕፍት እጥረት ባለበትም የቃል ልምምድ በሥርዓት ሊሰጥ እንደሚችል ፕሮጀክቱ አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ከውጭ ቋንቋዎች ጎላ ያለ ቦታ የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ተረከበ። ከዚያ ወዲህ የማስተማሪያ መጻሕፍት በየዘመኑ ተለዋውጠዋል። «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» በሚል ርእስ የሚታወቁት መጻሕፍትም የመናገርና የማዳመጥ ክፍሎችን ይዘዋል። ተደጋግሞ የሚታየው ክፍተት እነዚህ ክፍሎች በክፍል ውስጥ መዘለላቸው ወይም በንባብ ብቻ መሸፈናቸው ነው።

ቃላትን በጥያቄ ማስተማር

አንድን አዲስ ቃል ለማስተማር ጥያቄዎች በሦስት ደረጃ ይቀርባሉ።

1. የማረጋገጫ ጥያቄ። መምህሩ ስኒ ያነሣና «ዚስ ኢዝ ኤ ካፕ» ይላል። ከዚያም «ኢዝ ዚስ ኤ ካፕ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «የስ፣ ኢት ኢዝ» ነው። ተማሪው አዲሱን ቃል ገና መናገር አይጠበቅበትም፤ ሰምቶ መለየቱ ይበቃል።

2. የምርጫ ጥያቄ። «ኢዝ ዚስ ኤ ካፕ ኦር ኤ ፕሌት?» ሲባል ትክክለኛው ቃል በጥያቄው ውስጥ ስለሚገኝ ተማሪው መርጦ «ኢት ኢዝ ኤ ካፕ» ይላል።

3. ክፍት ጥያቄ። «ዋት ኢዝ ዚስ?» የሚለው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በዚህ ደረጃ ተማሪው ቃሉን ያለ እገዛ ከአእምሮው ያወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ከሦስተኛው ደረጃ መጀመር ነው። ቃሉን ያልሰማ ልጅ «ዋት ኢዝ ዚስ?» ሲባል ዝም ከማለት ሌላ አማራጭ የለውም። ዝምታው እንደ አለማወቅ ይቆጠርና ጥያቄው እጁን ወዳነሣ ሌላ ተማሪ ያልፋል።

ቃላቱ ከልጁ ኑሮ ቢመረጡ ትርጉማቸውን ለማስረዳት ጊዜ አይባክንም። በሺንሺቾ አካባቢ ቡና፣ ዝንጅብል፣ ላም፣ ገበያና እንሰት ለልጁ የቅርብ ነገሮች ናቸው። «ኮፊ»፣ «ጂንጀር»፣ «ካው» እና «ማርኬት» የሚሉትን ቃላት ለማስተማር ሥዕል መፈለግ አያሻም። እንሰት በእንግሊዝኛም «እንሰት» ተብሎ የሚጠራ መሆኑን ማወቅ ደግሞ ልጁ የራሱ አካባቢ በዚያ ቋንቋ ውስጥ ስም ያለው መሆኑን ያሳየዋል።

በአንድ ክፍለ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት አዲስ ቃላት ይበቃሉ። ዋናው ነገር ቃላቱ በተከታታይ ቀናት ተመልሰው መጠየቃቸው ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው ጥናት የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በየተወሰነ ጊዜ ሲከለስ ግን እንደሚጸና አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ ያሳተሙት ጥናትም አንድን ነገር ደግሞ ከማንበብ ይልቅ ስለ እሱ ተጠይቆ ማስታወስ ለዘለቄታው የበለጠ እንደሚረዳ አረጋግጧል። ሰኞ የተማሩት ቃል ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ በሳምንቱና በወሩ ቢጠየቅ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ይወስዳል፤ ጥቅሙ ግን የላቀ ነው።

ሰዋስውን በጥያቄ ማስተማር

የጥያቄና መልስ ዘዴ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በጥያቄው ውስጥ ያለው መዋቅር በመልሱ ውስጥ ሲለወጥ ነው። ተማሪው መልስ በሰጠ ቁጥር የሰዋስው ሥራ ይሠራል። በአካባቢው ተማሪዎች ዘንድ ተደጋግመው የሚታዩ አራት ጉዳዮች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ሀ. ባለቤቱን አለመተው። «ኢዝ ዩር ማዘር ኤ ፋርመር?» ለሚለው ጥያቄ «የስ፣ ሺ ኢዝ» የሚለው መልስ «ሺ»ን የግድ ያስነግራል። ስለ እናት፣ ስለ አባት፣ ስለ ጓደኞችና ስለ ዕቃዎች እየተቀያየረ ሲጠየቅ ተማሪው «ሺ»፣ «ሂ»፣ «ዜይ» እና «ኢት» የሚሉትን ይለያል። በአማርኛም በከምባትኛም ግዑዝ ነገር የወንድ ወይም የሴት ጾታ ስላለው፣ ተማሪው ስለ መጽሐፍ ሲጠየቅ «ሂ ኢዝ ኦን ዘ ቴብል» ሊል ይችላል። «ዌር ኢዝ ዘ ቡክ?»፣ «ዌር ኢዝ ዘ ቦይ?» የሚሉ ጥያቄዎችን እያፈራረቁ ማቅረብ ልዩነቱን ያስለምዳል።

ለ. «ዱ» እና «ደዝ»። በእንግሊዝኛ ጥያቄ ለመመሥረት የሚገባው ረዳት ግሥ በአማርኛ አቻ የለውም። «ደዝ ሺ ጎ ቱ ዘ ማርኬት?» ሲባል መልሱ «የስ፣ ሺ ደዝ፤ ሺ ጎዝ ቱ ዘ ማርኬት» ይሆናል። በጥያቄው «ጎ» የነበረው በመልሱ «ጎዝ» ሆኗል። ይህን ለውጥ ሠላሳ ጊዜ የተናገረ ተማሪ ደንቡ በሰሌዳ ላይ ሲጻፍለት የሚያውቀውን ነገር ስም ያገኝለታል።

ሐ. ያለፈ ጊዜ። «ዲድ ሺ ባይ ኮፊ?» የሚለው ጥያቄ «የስ፣ ሺ ቦት ኮፊ» ተብሎ ይመለሳል። ብዙ ተማሪዎች «ዲድ ሺ ቦት» ይላሉ፤ ያለፈው ጊዜ በ«ዲድ» መገለጹ ስለማይታያቸው ሁለት ጊዜ ያሳልፉታል። ተማሪው መልስ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም ራሱ እንዲያቀርብ ካልተደረገ ይህ ስህተት አይታረምም፤ መልስ ብቻ የሚሰጥ ተማሪ «ዲድ» የሚለውን ቃል በአፉ የመያዝ ዕድል አያገኝምና።

መ. አሉታዊ ጥያቄ። ይህ ከሰዋስው አልፎ መግባባትን የሚነካ ጉዳይ ነው። በአማርኛ «አልመጣህም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ፣ አልመጣሁም» ሊል ይችላል፤ «አዎ» የሚለው የጠያቂውን ግምት ትክክለኛነት ይገልጻልና። በእንግሊዝኛ «ዲድንት ዩ ካም?» ለሚለው ጥያቄ ያልመጣ ሰው የሚመልሰው «ኖ፣ አይ ዲድንት» ብሎ ነው። «የስ» ብቻ ካለ እንደ መጣ ይቆጠራል። በሐኪም ፊት፣ በሥራ ቃለ መጠይቅ ወይም በድንበር ላይ እንዲህ ያለ መልስ የሚያስከትለው አለመግባባት ቀላል አይደለም። መምህራን በየሳምንቱ ጥቂት አሉታዊ ጥያቄዎችን በልምምዱ ውስጥ ቢያካትቱ ይመከራል።

ብዛት ያለውን ክፍል ማደራጀት

ለዘዴው ትልቁ ፈተና የተማሪዎች ብዛት ነው። 50 ተማሪዎች ባሉበት የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ በሙሉ እያንዳንዱን በተራ ለመጠየቅ ቢውል እንኳ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 48 ሴኮንድ ነው። በጥንድ ልምምድ ግን 12 ደቂቃ ቢሰጥ በአንድ ጊዜ 25 ጥንዶች ይነጋገራሉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለስድስት ደቂቃ ያህል የመናገር ዕድል ያገኛል። ይህ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው።

ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚከተለው አከፋፈል ሊያገለግል ይችላል፦

1. ክለሳ፣ 5 ደቂቃ። ያለፈውን ትምህርት ቃላትና መዋቅሮች በፍጥነት መጠየቅ።
2. አዲስ ይዘት፣ 8 ደቂቃ። በዕቃ፣ በምልክት ወይም በሁኔታ ትርጉሙን ማሳየትና በሦስቱ ደረጃዎች መጠየቅ።
3. የጋራና የረድፍ መልስ፣ 7 ደቂቃ። በመጀመሪያ መላው ክፍል፣ ቀጥሎ በየረድፉ፣ በመጨረሻም ጥቂት ተማሪዎች በግል።
4. የጥንድ ልምምድ፣ 12 ደቂቃ። በአጋማሹ ጠያቂው መላሽ፣ መላሹ ጠያቂ ይሆናል።
5. ጽሑፍ፣ 5 ደቂቃ። በአፍ የተነገሩ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን በደብተር ማስፈር።
6. ማጣሪያ፣ 3 ደቂቃ። በቅደም ተከተል ሳይሆን ድንገት የተመረጡ ተማሪዎችን መጠየቅ።

በጥንድ ልምምድ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ሥርዓት እንደጠፋ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ርእሳነ መምህራንና የትምህርት ሱፐርቫይዘሮች ክፍል ሲጎበኙ ጸጥታን ብቻ የጥሩ ትምህርት መለኪያ ካደረጉ መምህሩ ወደ ሰሌዳ ግልበጣ ይመለሳል።

የመልስ ጊዜና የስህተት እርማት

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል መሆኑን ደርሰውበታል። ጊዜው ወደ ሦስት ሴኮንድ ከፍ ሲል የተማሪዎች መልስ ረዝሟል፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መሳተፍ ጀምረዋል። ጥያቄውን ሰምቶ በከምባትኛ የሚያስብ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ይህ ጊዜ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ጥያቄው በመጀመሪያ፣ የተማሪው ስም በኋላ ቢጠራ ደግሞ መላው ክፍል መልሱን እንዲያስብ ያደርጋል።

እርማትን በተመለከተ ላይስተርና ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ ክፍሎች ያካሄዱት ጥናት ጠቃሚ ግኝት አለው። መምህራን አብዝተው የሚጠቀሙት የተማሪውን ስህተት ራሳቸው አርመው መድገምን ነበር። ተማሪው ግን ይህን ብዙ ጊዜ እንደ እርማት አይቆጥረውም። መምህሩ «ሺ ጎ?» ብሎ በጥያቄ ድምፅ ሲደግምለት ወይም «እንደገና» ሲለው ራሱን የማረም ዕድሉ ይጨምራል። በጥንድ ልምምድ ጊዜ መምህሩ እየተዘዋወረ የጋራ ስህተቶችን መዝግቦ በመጨረሻ ለመላው ክፍል ስም ሳይጠቅስ ቢያርም የተማሪዎች ድፍረት ይጠበቃል።

አክብሮትና የመናገር ድፍረት

በአካባቢው ባህል ልጅ በታላላቆች ፊት ቆጠብ ብሎ እንዲናገር ይጠበቃል። አማርኛ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን ይለያል፤ በከምባትኛም የአክብሮት አነጋገር አለ። እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም «ዩ» ይላል። መምህሩን «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ብሎ እንዲጠይቅ የታዘዘ ልጅ መምህሩን የደፈረ መስሎት ሊሸማቀቅ ይችላል። «ዩ» በእንግሊዝኛ አክብሮት እንደማይቀንስ፣ አክብሮቱ በ«ፕሊዝ»፣ በ«ቲቸር» እና በድምፅ አወራረድ እንደሚገለጽ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህን ማብራሪያ በከምባትኛ መስጠት ዘዴውን አያፈርስም። የአንድን ቃል ትርጉም ወይም የልምምዱን መመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋ በአጭሩ ተናግሮ ወደ እንግሊዝኛው መመለስ ጊዜ ይቆጥባል፤ ግራ መጋባትንም ያስወግዳል።

ልጃገረዶች በክፍል ውስጥ የመናገር ዕድላቸው እንዳያንስ መምህሩ በግል የጠየቃቸውን ተማሪዎች በስም ዝርዝር ላይ ምልክት ቢያደርግ ይጠቀማል። በሳምንቱ መጨረሻ ማን እንደተናገረና ማን እንዳልተናገረ ዝርዝሩ ያሳያል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፣ ዕድል ያላገኘ አንደበት የሚያጣው ብዙ ነው።

ምዘናና የዘዴው ገደብ

ብሔራዊ ፈተናዎች የሚሰጡት በምርጫ ጥያቄ ስለሆነ የንግግር ችሎታን አይለኩም። በመሆኑም አንዳንድ መምህራንና ወላጆች የቃል ልምምድን ከፈተና ዝግጅት የሚወስድ ጊዜ አድርገው ይመለከቱታል። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ልምምዱ ከንባብና ከጽሑፍ ጋር ካልተያያዘ ተማሪው የተናገረውን በወረቀት ላይ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በአፍ የተሠራው መነበብና መጻፍ አለበት። በትምህርት ቤት ደረጃ የሚሰጠው ተከታታይ ምዘና ደግሞ የቃል ውጤትን ለማካተት የሚያስችል ቦታ ነው። ሁለት ተማሪዎች ለሁለት ደቂቃ ሲጠያየቁ ሰምቶ መረዳታቸውን፣ የመልሳቸውን ሙሉነትና ግልጽነት በመመዝገብ ውጤት መስጠት ይቻላል።

ሁለተኛው ገደብ ልምምዱ ወደ ባዶ ዜማ የመለወጥ አደጋ ነው። መምህሩ ተማሪውን «አር ዩ ኤ ስቱደንት?» ሲለው መልሱ ለሁለቱም የታወቀ ነው። ጥያቄው ለመጀመሪያ ልምምድ ይጠቅማል፤ በዚያ ከቆመ ግን ተማሪው ሐሳቡን ሳይጠቀም አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ከእያንዳንዱ ቋሚ ልምምድ በኋላ ጠያቂው መልሱን የማያውቀው እውነተኛ ጥያቄ መከተል አለበት። ለምሳሌ አንዱ ተማሪ የገበያ ዋጋ ዝርዝር ይይዛል፤ ጓደኛው «ሃው ማች ኢዝ ዘ ጂንጀር?» እያለ ጠይቆ ዋጋውን ይመዘግባል። ከፍ ባሉት ክፍሎች «ዋይ» እና «ሃው» የሚሉ ጥያቄዎች ተማሪው ሁለትና ሦስት ዐረፍተ ነገር አያይዞ እንዲናገር ያደርጋሉ። በሳይንስ ክፍልም ይኸው መንገድ ቢቀጥል እንግሊዝኛው ከአንድ ክፍለ ጊዜ ወጥቶ የመማሪያ መሣሪያ ይሆናል።

የወላጆችና የትምህርት ተቋማት ድርሻ

እንግሊዝኛ የማይናገር ወላጅ ልጁን መርዳት አይችልም የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ወላጅ ልጁን «ዛሬ ምን ጥያቄ ጠየቅህ? ምን ብለህ መለስህ?» ብሎ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢጠይቅና ልጁ በእንግሊዝኛ ሲያሰማው ቢያዳምጥ፣ ትምህርቱ በቤት ውስጥ ተከለሰ ማለት ነው። ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች በቀን አሥር ጥያቄ ቢጠይቁ ደግሞ በሳምንት ሰባ የመልስ ዕድል ይፈጠራል።

በትምህርት ቤት በኩል የእንግሊዝኛ መምህራን በጋራ ተቀምጠው ለየምዕራፉ የጥያቄ ዝርዝር ቢያዘጋጁ ድካሙ ይቀንሳል፤ ዝርዝሩም ከዓመት ዓመት ይተላለፋል። በእንግሊዝኛ የመናገር ልምዳቸውን ማሳደግ የሚሹ መምህራን እርስ በርስ በዚሁ ዘዴ መለማመድ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላትንም ማነጋገር ይችላሉ።

ማጠቃለያ

የቃል ጥያቄና መልስ ልምምድ የመጻሕፍትን፣ የንባብንም ሆነ የሰዋስው ማብራሪያን ቦታ አይተካም፤ ለእነዚህ ሁሉ መሠረት ይጥላል። በከምባትኛ ማንበብ ለተማረ የሺንሺቾ ልጅ የእንግሊዝኛን ድምፅ ከፊደሉ ቀድሞ ያሰማዋል፤ ግሥን መጨረሻ ላይ ለለመደ አንደበት አዲሱን ቅደም ተከተል ያስለምዳል፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥም ለእያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ የመናገር ዕድል ይሰጣል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ መምህሩ በእንግሊዝኛ የሚያቀርበውን ጥያቄ ተረድቶ፣ ያልገባውንም በዚያው ቋንቋ መጠየቅ የሚችል ተማሪ ለማፍራት ሥራው የሚጀመረው ከ1ኛ ክፍል፣ በአንዲት ስኒና በአንዲት አጭር ጥያቄ ነው።